እንግዳና ዕረፍት

በቀይ ባሕር ጠረፍ፣ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በረሃው ከባሕሩ በሚገናኝበት ሥፍራ አንድ የመዝናኛ መንደር ነበረ። ስሙ ዓሩስ ይባላል፤ በዓረብኛ «ሙሽራ» ማለት ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. የሠሩት ጣሊያናውያን ባለ ሀብቶች ነበሩ። አሥራ አምስት ያህል ቤቶች፣ የምግብ አዳራሽ፣ ዓሣው እንደ መስተዋት ጠርቶ የሚታይበት ባሕር ነበረው፤ የጎደለው የሚጠጣ ውሃ፣ መብራትና መንገድ ነበር። ስለዚህም ሥራው ሳይሰምር ቀረ፤ ባለ ሀብቶቹም ጥለውት ሄዱ። ሙሽራዪቱ ሳትዳር ቀረች።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ግን «የስዊስ ኩባንያ ነን» የሚሉ ሰዎች መጡና መንደሩን ከሱዳን የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ለሦስት ዓመት በ320,000 ዶላር ተከራዩት። ቤቶቹን አደሱ፤ የባሕር ጠላቂዎች መሣሪያ አስገቡ፤ ምግብ አብሳይ፣ አስተናጋጅ፣ ሹፌርና ቤት አጽጂ ከአገሬው ቀጠሩ፤ የሚያማምሩ ሥዕሎች ያሉበት መግለጫ በሺህ በሚቆጠር ቅጂ አሳትመው በአውሮጳ ላሉ የጉዞ ወኪሎች በተኑ። እንግዳውም መጣ። ከአውሮጳ ባሕር ጠላቂዎች፣ ከካርቱም ዲፕሎማቶች፣ የሱዳን ባለ ሥልጣናትም ሳይቀሩ እየመጡ ቀን ሲዋኙ ውለው ማታ በባሕሩ ነፋስ እራታቸውን ይበሉ ነበር።

ኩባንያው የስዊስ አልነበረም። አስተዳዳሪዎቹ የእስራኤል የስለላ ድርጅት የሞሳድ ሰዎች ነበሩ፤ የመጡበትም ጉዳይ ከባሕሩ ዳር ሳይሆን ከዚያ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በገዳሪፍ ዙሪያ በነበሩት የስደተኛ መጠለያዎች ነበር። በየጊዜው ለሠራተኞቻቸው «ለጥቂት ቀን ወደ ካርቱም እንሄዳለን» እያሉ በጭነት መኪና ወደ ገዳሪፍ ይወርዳሉ፤ በጨለማ ቤተ እስራኤላውያንን ይጭናሉ፤ ኬላውን ሁሉ እየተሻገሩ ሁለት ቀን ያህል ተጉዘው ወደ ጠረፉ ያደርሷቸዋል። ከዚያም በትንንሽ ጀልባዎች ከጥልቁ ባሕር ወደሚጠብቃቸው መርከብ ይወሰዳሉ። በ1974 ዓ.ም. የሱዳን ወታደሮች ከደረሱባቸው በኋላ የባሕሩ መንገድ ተትቶ አውሮፕላን በሌሊት በበረሃ ማሳረፍ ተጀመረ። በመንደሩ የነበሩት እንግዶች ግን ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር። በሰላም ተኝተዋል፤ ለመተኛት ነው የከፈሉት።

ይህ ታሪክ ከዚያ ወዲህ በመጽሐፍ ተጽፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በፊልም ታይቷል። ብዙውን ጊዜ የሚነገረው እንደ ጀብዱ ነው። ጀብዱው ተነሥቶለት ሲታይ ግን ከሥሩ አንድ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይገኛል። ሰው በሰው አገር ዕረፍቱን ሲያቅድ የሚያቅደው ምንድን ነው? በዚያው መንገድ ሌላው ነፍሱን ሊያድን ሲያልፍ፣ ያረፈው ሰው ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም?

አንድ ቃል፣ ሁለት ሰው

አማርኛ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች የሚጋሩት አንድ ቃል አለው፤ እንግዳ። ገንዘቡን ከፍሎ በመዝናኛው መንደር አልጋ የያዘው እንግዳ ነው፤ መሽቶበት ከሰው አጥር ሥር ቆሞ የሚጣራውም እንግዳ ነው። የኋለኛውን የገጠሩ ሰው «የእግዜር እንግዳ» ይለዋል፤ ላኪው ፈጣሪ ነው፣ ሒሳቡም ከፈጣሪ ዘንድ ነው ለማለት። ዓረብኛ ግን ይለያያቸዋል። ለቤት እንግዳ ደይፍ፣ ለስደተኛ ላጂእ፣ ለአገር ጎብኚ ሳኢሕ ይላል። የሚያስገርመው፣ ሳኢሕ የሚለው ቃል በጥንቱ ትርጉሙ ስለ አምልኮ ብሎ ከአገር አገር የሚንከራተተውን መናኝ የሚያመለክት መሆኑ ነው። ቃሉ ከመናኙ ወደ ጎብኚው ሲሸጋገር መንከራተቱ ወጥቶ ምቾቱ ገባበት።

«ዕረፍት» የሚለውም ቃል እንዲሁ ሊጤን ይገባዋል። ሸክሙን አውርዶ ከዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ መንገደኛ ዐረፈ ይባላል፤ ዕድሜውን ጨርሶ ከዚህ ዓለም የተለየ ሰውም ዐረፈ ይባላል። ቋንቋው ዕረፍትን ብቻውን አያውቀውም፤ ሁልጊዜ ከድካም በኋላ የሚመጣ ነገር አድርጎ ነው የሚያየው። ሳይደክሙ ማረፍ በአማርኛ ሌላ ስም አለው፤ ያም ስም ምስጋና የለበትም።

የሥፍራዎቹ ስም ሳይቀር የሚናገረው አለ። ከገዳሪፍ በስተደቡብ የሚገኘውና ቤተ እስራኤላውያን በብዛት የተጠለሉበት ሥፍራ ኡም ራኩባ ይባላል። በሱዳን ዓረብኛ ራኩባ ከእንጨትና ከሣር የሚቆም ጥላ፣ በእኛ አነጋገር ዳስ ነው። ሥፍራው እንግዲህ የዳስ እናት ነው ማለት ነው። በባሕሩ ዳር ሙሽራዪቱ፣ በገዳሪፍ ሜዳ ዳሱ። ግን ዳስ ለሠርግም ይጣላል፣ ለተዝካርም ይጣላል። የኡም ራኩባው ዳስ በሰባ ሰባቱ የረኀብ ዘመን ለየትኛው እንደዋለ የመቃብሮቹ ብዛት ይመሰክራል። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት ቤተ እስራኤላውያን ወደ 4,000 ይገመታሉ፤ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። በዚያው ዘመን ከትግራይ፣ ከኤርትራና ከወሎ የፈለሱት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሌሎች ስደተኞች ግን ሙሽራም መርከብም አልነበራቸውም።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው መጽሐፍ ስለ እንግዳ መብት አንድ ጠቃሚ ልዩነት አስቀምጧል። ማንም ሰው ወደ ሌላው ምድር ሲደርስ እንደ ጠላት ያለመታየት መብት አለው፤ ምክንያቱም ምድር ክብ ናት፣ ሰዎችም ያለ ልክ ተበታትነው ሊርቁባት አይችሉም፤ ተቻችለው ከመኖር በቀር አማራጭ የላቸውም። መመለሱ ለሞት የሚዳርገው ካልሆነ በቀር ባለ አገሩ መንገደኛውን ሊመልሰው ይችላል፤ የሚሞት ከሆነ ግን አይመልሰውም። ይህ የመድረስ መብት ነው እንጂ የመስተናገድ መብት አይደለም። በዚህ ሚዛን ሲመዘን በገዳሪፍ የደረሰው ስደተኛ በመብቱ ቆሟል፤ በዓሩስ ያረፈው ጎብኚ ደግሞ በውል ቆሟል። የሁለቱ መሠረት የተለያየ ነው። ዓለም ግን መሠረቶቹን ገልብጣ ትይዛቸዋለች፤ ባለ ውሉን እንደ ባለ መብት ታስተናግዳለች፤ ባለ መብቱን እንደ ለማኝ ታቆመዋለች።

ሦስት ዕቅዶች

በሐሩር አገር የጎልፍ ዕረፍት የሚያቅድ ሰው ይታሰብ። ነዋሪነቱ በሰሜን አውሮጳ ይሁን። በአገሩ ሜዳው በረዶ ሲለብስ ፀሐይ ወዳለበት መሄድ ያምረዋል። በቅድሚያ ወቅቱን ይመርጣል፤ ዝናብ የማይጥልበትን፣ ሙቀቱም የሚቻልበትን፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለውን ጊዜ። ቀጥሎ ሜዳውን ይመርጣል፤ ባለ 18 ጉድጓድ መሆኑን፣ ሣሩ በምን ሁኔታ እንዳለ፣ ዱላ የሚሸከምለት ልጅ መኖር አለመኖሩን ያጣራል። አውሮፕላኑ ለዱላዎቹ ስንት ኪሎ እንደሚፈቅድ፣ ሆቴሉ ከሜዳው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የወባ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ፣ ቪዛና መድን ስንት እንደሚያወጡ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። መንገዱን የሚያሰላ ሰው አይነቀፍም።

በዚያው በጥቅምት ወር ሌላ ሰውም ያቅዳል። ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ ወርዶ ወደ መተማና ሁመራ፣ ከዚያም ገላባትን ተሻግሮ ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች የሚዘልቀው የቀን ሠራተኛ ነው። ሰሊጥ የማይጠብቅ ሰብል ነው። ሲደርስ ፍሬ የያዘው እንቡጥ ከጫፉ ይከፈትና ዘሩ መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ መቆም አለበት። በእነዚያ ሳምንታት ባለ እርሻው አያርፍም፤ ሠራተኛውም አያርፍም። የዚህ ሰው ዕቅድ የአጨዳውን ዋጋ፣ የደላላውን ድርሻ፣ ድንበር የሚያሻግረውን ወረቀት፣ ደመወዙን ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ሰላማዊ መንገድ ይመለከታል። የሚያድረው በሜዳ ነው፤ በዚያ ጥቁር መሬት ስንጥቅ ውስጥ የምትራባዋ የአሸዋ ዝንብ የካላዛርን በሽታ ታስተላልፋለች። መድን የለውም። ያለው ዕድሉና አጎበሩ ነው፤ አጎበሩንም ከገዛው ነው።

ሦስተኛው ዕቅድ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከወልቃይት፣ ከጠለምት፣ ከስሜንና ከወገራ መንደሮች የተነሡት የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ዕቅድ ነው። የዚህ ዕቅድ የመጀመሪያ ሕጉ ዕቅድ መሆኑ እንዳይታወቅ ነው። ያላቸውን ንብረት አውጥተው መሸጥ ወሬ ያስነሣል፤ ስንቅ ማብዛት ዐይን ይስባል። በሌሊት ይኬዳል፤ በቀን ይተኛል። ለጎረቤት ደኅና ሁኑ አይባልም። ሽማግሌውና ነፍሰ ጡሯ ምን ያህል መራመድ እንደሚችሉ ይገመታል፤ ግምቱም ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

የመጀመሪያው ዕቅድ «ምን አገኛለሁ?» ይላል። ሁለተኛው «ምን ይተርፈኛል?» ይላል። ሦስተኛው «ማን ይተርፋል?» ይላል። ሦስቱም ወቅት ይመርጣሉ፤ ሦስቱም መንገድ ያጠናሉ፤ ሦስቱም ስለ ውሃ ያስባሉ። ልዩነቱ ግን ከሀብት በላይ ነው። የዕረፍት ዕቅድ ጥሩ ሆኖ ወጣ የሚባለው የሌሎቹ ዕቅዶች ሳይታዩ ሲቀሩ ነው። የመግለጫው ሥዕል የሚቆረጠው ከአጥሩ ወዲህ ነው። ሰውየው የሚገዛው ባሕርና ሣር ብቻ አይደለም፤ ያለማየትንም አብሮ ይገዛል። ከዚህ አኳያ የዓሩስ መንደር ከሌሎች የመዝናኛ ሥፍራዎች የሚለየው በማታለሉ አይደለም፤ ሁሉም መጋረጃ አላቸው። የዓሩሱ መጋረጃ የሚለየው ከኋላው የሚሠራው ሥራ ሰው ማዳን በመሆኑ ነው። ከእንግዶቹ ከተገኘው ገንዘብ ከፊሉ ስደተኞቹን ለሚያጓጉዙት የጭነት መኪናዎች ውሏል። እንግዶቹ ሳያውቁት ምጽዋት ሰጥተዋል። ሳይታወቅ የተሰጠ ምጽዋት ለተቀባዩ ሕይወት ነው፤ ለሰጪው ግን ምግባር ሆኖ ሊቆጠርለት አይችልም።

የሰንበት ሕግ

በዚያ መንገድ በሌሊት ያለፉት ሰዎች ስለ ዕረፍት የጠለቀ ዕውቀት የነበራቸው መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። ቤተ እስራኤል ሰንበትን ከበዓላት ሁሉ በላይ ያከብራሉ፤ ከቅዱሳት መጻሕፍቶቻቸው አንዱ ትእዛዘ ሰንበት የተባለው የግእዝ መጽሐፍ ነው፤ በእርሱም ሰንበት እንደ ንግሥት ትከበራለች። በመጠለያዎቹም ሳሉ በሰንበት እሳት ላለማንደድ የተቻላቸውን አድርገዋል። በዚያ ሁሉ ችግር መካከል ሰንበትን መጠበቅ ማንነትን ለሰላይ ዐይን አሳልፎ መስጠት እንደሆነ እያወቁ ጠብቀዋል።

የሰንበት ሕግ አንድ ልዩ ጠባይ አለው። «አንተ ዕረፍ» ብሎ አያቆምም። ወንድ ልጅህም፣ ሴት ልጅህም፣ አገልጋይህም፣ ከብትህም፣ በደጅህ ያለው መጻተኛም ይረፉ ይላል። ይህም ለኦርቶዶክስ ክርስቲያኑም የታወቀ ነው፤ አያቶቹ ሁለቱንም ሰንበታት ሲያከብሩ በሬውንም ይፈቱ ነበር። ከዚህ ሕግ የሚወጣው አሳብ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም እስከ ሥር ይወርዳል። አገልጋይና እንግዳ ካላረፉ የጌታው ዕረፍት ዕረፍት አይባልም። ዕረፍት ለብቻ የሚያዝ ንብረት ሳይሆን በቤቱ ሁሉ ላይ የሚወርድ ጥላ ነው።

የዘመናችን የዕረፍት ጉዞ በተቃራኒው የቆመ ነው። አንዱ የሚያርፈው ሌላው ስለማያርፍ ነው። አልጋው የሚነጠፈው፣ ሣሩ በሌሊት የሚጠጣው፣ ዱላው የሚሸከመው ሌላ ሰው ስለደከመ ነው። ይህን ሲሉ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይመጣል። የዚያ አገልጋይ ልጆች የሚበሉት ከዚሁ ጉዞ በሚገኝ ገንዘብ አይደለምን? በዓሩስ የተቀጠሩት ሱዳናውያን ደመወዝ አላገኙምን? ጎብኚ ሁሉ ይቅር ቢባል የሚራበው ማን ነው?

ተቃውሞው እውነት አለው፤ ሊናቅም አይገባም። የሰንበት ሕግም ቢሆን ስድስቱን ቀን ሥራ አልከለከለም። ጥያቄው አገልጋዩ ይሠራል ወይስ አይሠራም አይደለም፤ የእርሱ ሰባተኛ ቀን የት አለ? የሚል ነው። አስተናጋጁ የራሱ የዕረፍት ቀን፣ ልጁን የሚያይበት ወር፣ ሲታመም የሚተኛበት አልጋ ካለው ደመወዙ የሥራ ዋጋ ነው። ይህ ሁሉ ከሌለው ግን እንግዳው የገዛው አገልግሎት ብቻ ሳይሆን የሰውየውን ሰንበት ጭምር ነው። ሰንበት ደግሞ የሚሸጥ ነገር አይደለም። በገዳሪፍና በከሰላ ገበያ የቀን ሠራተኛ ጀበናው ተጥዶ ከጥላ ሥር ሲቀመጥ ዕረፍት ምን እንደሆነ ያውቃል። በነገራችን ላይ በምሥራቅ ሱዳን ቡናው ራሱ ጀበና ይባላል፤ ድንበሩ ያልከለከለው ቃል ነው። ያ ዕረፍት አጭር ነው፤ ግን ከጎኑ የተቀመጠውንም ስኒ ያቀብላል።

ሣርና ውሃ

የዕረፍት ዕዳ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በውሃ ነው። ጎልፍ ከዝናባማዋ ስኮትላንድ የወጣ ጨዋታ ነው፤ እዚያ ሣሩን የሚያጠጣው ሰማይ ነው። ጨዋታው ወደ ሐሩር አገር ሲመጣ ግን ሣሩን ሰው ማጠጣት ግድ ሆነ። በቅኝ ግዛት ዘመን በብዙ የአፍሪካ ደረቅ ሥፍራዎች ተጫዋቾቹ ለአገሩ ተገዝተው ሣር በሌለበት በአሸዋ ላይ፣ አሸዋውን በዘይት አርጥበው ይጫወቱ ነበር። ዛሬ ያ እንደ ድህነት ይቆጠራል። በግብፅ የቀይ ባሕር ጠረፍ በሶማ ቤይ፣ በሳዑዲው ጠረፍ ደግሞ በሹራ ደሴት ከበረሃው መካከል አረንጓዴ ሜዳ ተዘርግቷል።

ሒሳቡ ለማንም አይሰወርም። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ሄክታር ላይ ሲፈስ 10,000 ሊትር ነው። በሞቃትና ደረቅ አገር ሣር ለምለም ሆኖ እንዲቆይ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይፈልጋል እንበል። ከባለ 18 ጉድጓዱ ሜዳ ውሃ የሚጠጣው 30 ሄክታር ብቻ ቢሆን በቀን 1,500,000 ሊትር ይሆናል። የዓለም የረድኤት ድርጅቶች በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በትንሹ ሊደርሰው ይገባል የሚሉት የውሃ መጠን በቀን 15 ሊትር ነው። አንዱን ለሌላው ሲያካፍሉት 100,000 ሰው ይወጣል። የአንድ ሜዳ የአንድ ቀን መጠጥ የመቶ ሺህ ስደተኛ የቀን ውሃ ነው ማለት ነው።

እርግጥ ከቀይ ባሕር ዳር ሜዳ የሚቀነስ ውሃ ለኡም ራኩባ አይደርስም። ብዙዎቹ አዳዲስ ሜዳዎችም የተጣራ ፍሳሽ ወይም ጨዉ የወጣለትን የባሕር ውሃ ይጠቀማሉ። ስለዚህ ጎልፍ ተጫዋቹ የስደተኛውን ውሃ ጠጣ ብሎ መክሰስ ትክክል አይሆንም። ሒሳቡ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። የሰው ልጅ ውሃን ወደ ፈለገበት በረሃ የማድረስ ዕውቀትም ገንዘብም አለው። ገዳሪፍ በማሽላና በሰሊጥ ምርቷ የታወቀች፣ ብዙ እህል የሚጫንባት ከተማ ሆና ሳለ ነዋሪዎቿ ለብዙ ዘመን በውሃ ችግር የኖሩት በዓለም ላይ ዕውቀት ጠፍቶ አይደለም። ሣሩ ጠያቂ ስላለው ነው። ጠያቂ ያለው ይጠጣል።

በጥንቱ ልማድ እንግዳ ዕዳ ነበረበት። ከቤቱ ልክ በላይ አይጠይቅም፤ ልጆቹ ያላገኙትን ወተት «አምጡልኝ» አይልም፤ ሲወጣ ይመርቃል፤ ከመንገዱም ያየውንና የሰማውን ይናገራል። ከአገር አገር ወሬ የሚያደርሰው እንግዳ ነበርና ዐይኑን ጨፍኖ የሚመጣ እንግዳ ለማንም አይጠቅምም ነበር። በገንዘብ የመጣው እንግዳ ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ራሱን በክፍያ ነጻ አውጥቶ ይሆናል። ከአራተኛው ግን ገንዘብ ነጻ አያወጣም፤ ማየት በሒሳብ የሚዘጋ ዕዳ አይደለም።

ስለ ውሸቱ

የዓሩስ ነገር ሲነሣ ሊታለፍ የማይችል ሌላ ጥያቄ አለ። መንደሩ ውሸት ነበር። ያው ካንት የእንግዳን መብት በጻፈ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1797፣ ሰው ለማዳን እንኳ ቢሆን መዋሸት አይገባም ብሎ ጽፏል። ነፍሰ ገዳዩ በር ላይ ቆሞ «የሸሸው ሰው ከቤትህ አለ ወይ?» ቢል እንኳ እውነቱን መናገር ግዴታ ነው አለ። ሁለቱ የካንት አሳቦች በዓሩስ ፊት ለፊት ይጋጫሉ፤ አንደኛው ስደተኛውን አትመልሰው ይላል፤ ሁለተኛው ስለ እርሱ አትዋሽ ይላል። የኢትዮጵያ ባላገር ግን በዚህ ረገድ ብዙ ሳይመራመር ይፈርዳል። ከቤቱ የተሸሸገን ሰው አሳልፎ የሰጠ «እውነት ተናገርሁ» ቢል የሚያመሰግነው የለም።

ሆኖም ውሸት ነፍስ ቢያድንም ዋጋው በማን ላይ እንደወደቀ መጠየቅ ይገባል። እንግዶቹ የከሰሩት ነገር ትንሽ ነው፤ የከፈሉበትን ባሕር አግኝተዋል። ዋጋው የወደቀው በሠራተኞቹ ላይ ነው። አብሳዩ፣ አስተናጋጁ፣ ሹፌሩ በአገራቸው ሕግ እንደ ከባድ ወንጀል በሚታይ ሥራ ጥላ ሥር ሳያውቁና ሳይጠየቁ ይሠሩ ነበር። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. «ዘመቻ ሙሴ» በተባለው በረራ ከ6,000 በላይ ሰዎች ከካርቱም ከተወሰዱ በኋላ ነገሩ ተገለጠ። በመጋቢት ወር መጨረሻ የኒሜሪ መንግሥት ወደቀ፤ የነበሩት ምክትል ፕሬዚዳንት ዑመር ሙሐመድ አልጠይብ በዚሁ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርበው ተፈረደባቸው። በአንድ አስተናጋጅ ላይ ጥርጣሬ ቢወድቅ ኖሮ ማን ይሟገትለት ነበር? ሰው ማዳን ታላቅ ሥራ ነው፤ ታላቅነቱ ግን ሌላውን ሳያስፈቅዱ በመያዣነት ማስቀመጥን ከዕዳ አያጸዳውም። አንዱን ከሞት ማውጣት ትክክል ነው፤ ሳያውቅ ዋስ የሆነውን ማስታወስም ትክክል ነው። ሁለቱን አብሮ መያዝ ይከብዳል፤ ስለ ከበደ ግን አንዱን መጣል አይገባም።

ድንበሩ ሲዞር

እንግዳና ባለ ቤት ቋሚ ሹመት አይደለም። ለብዙ ዓመታት ተዘግቶ የነበረው ኡም ራኩባ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ምክንያት እንደገና ተከፈተ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ50,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገሩ። የገዳሪፍ ገበሬዎች ከራሳቸው እህል ቀንሰው ያቀበሉት ያኔ ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ በካርቱም ፈነዳ። የካርቱም ሐኪም፣ መምህርና ነጋዴ፣ ከሦስት ወር በፊት ምናልባት ለልጆቹ የዕረፍት ጉዞ ያቅድ የነበረ ሰው፣ ሻንጣውን ይዞ በገዳሪፍ አልፎ በገላባት በኩል ወደ መተማ መጣ። መንገዱ ያው ነበር፤ ሰልፉ ብቻ ዞረ።

የአቀባበሉ ታሪክ ሁሉ የሚያኮራ አይደለም። በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የተቀመጡት ሱዳናውያን ጥቃት፣ ዝርፊያና እገታ ደርሶባቸዋል፤ በ2016 ዓ.ም. ብዙዎቹ አውላላን ትተው ወደ መንገድ ዳር ወጥተው ነበር። ኡም ራኩባ ያስጠለለችው ሕዝብ የአጸፋው ተራ ሲደርሰው የእግዜርን እንግዳ በዳስ ውስጥ እንኳ በሰላም ማሳደር አቃተው። ይህን መናገር ለመውቀስ አይደለም፤ አካባቢው ራሱ በጦርነት ይነድ ነበር። ግን ስለ ሌላው ጎልፍ ሜዳ የሚጠይቅ ሰው ስለ ራሱ ደጅም ሊጠየቅ ይገባዋል።

እንግዲህ የዕረፍት ጉዞ የሚያቅድ ሰው ምን ያድርግ? ይቅርበት ማለት መፍትሔ አይሆንም፤ ዕረፍት ኃጢአት አይደለምና፤ ባሕሩንም ሣሩንም ማየት የሰው ልጅ ደስታ ነው። ከወቅቱና ከሜዳው፣ ከቪዛውና ከመድኑ ቀጥሎ ግን ሦስት ጥያቄዎች በዕቅዱ ላይ ሊጨመሩ ይችላሉ። የምታጠብበትና የምጫወትበት ውሃ ከየት መጣ? የሚያስተናግደኝ ሰው ሰንበቱ መቼ ነው? ከአጥሩ ወዲያ በሚያልፈው መንገድ ማን ይሄዳል? መልሱ ጉዞውን ላይለውጠው ይችላል። እንግዳውን ግን ይለውጠዋል፤ ከገዢነት ወደ እንግዳነት ይመልሰዋል።

የኒሜሪ መንግሥት ከወደቀ በኋላ የዓሩስ አስተዳዳሪዎች በአስቸኳይ እንዲወጡ ታዘዙና ጎሕ ሳይቀድ መንደሩን ለቀቁ። ሠራተኞቹ ሲነሡ ባለ ቤት ነን ይሉ የነበሩት ሰዎች ሁሉ የሉም፤ የቀሩት እነርሱና ጎብኚዎቹ ብቻ ነበሩ። በዚያች ጠዋት ውል የሚያስከብር የለም፤ ደመወዝ የሚከፍል የለም፤ መግለጫውና መጋረጃው ወድቋል። ከፋዩና አገልጋዩ ሁለቱም ተታለው፣ ውሃ በሌለበት ጠረፍ ላይ ፊት ለፊት ቀሩ። ምናልባት በዚያ መንደር ከተሠራ ጀምሮ ሰው ሰውን እንደ እንግዳ ያየበት የመጀመሪያው ቀን እርሱ ይሆናል፤ ማንኛቸው የማን እንግዳ እንደሆኑ ግን ለመናገር የሚያስቸግር ነበር።